ደሴ ያልደረሰው ካርዴ

የዛሬ ልጅ «ሲስተም የለም» ሲል ፊቱ ላይ የሚታየውን እፎይታ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሰው ማጉላላት ሲያምረው ምክንያት መፍጠር ነበረበት። ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል ይላል፤ ማኅተሙ ተቆልፎበታል ይላል፤ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች ይላል። ውሸትም ቢሆን ድካም ነበረው። አሁን ሁለት ቃል ይበቃል። ባንክ ስትሄዱ ሲስተም የለም፤ መብራት ልትከፍሉ ስትሄዱ ሲስተም የለም። አሁን ደግሞ ለጤናችንም ሲስተም ገብቶለታል አሉ፤ ስለዚህ እሱም የለም።

እኔ የከሚሴ ሰው ነኝ። ግፊት አለብኝ፣ ስኳርም ደርቦብኛል፤ በየጊዜው ቀጠሮ አለኝ። የምታከምበትን ቤት ስም ግን አልጠራም። መድኃኒቴን የሚሰጡኝ እነሱ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜዬ ከፋርማሲ ጋር አልጣላም።

የድሮውን ካርድ ክፍል ታውቁታላችሁ። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጣውላ፣ አቧራ፣ በመስኮቷ ቀዳዳ በኩል ግማሽ ፊቱ ብቻ የሚታይ ሰው። የእኛው ሰውዬ ካርድ የሚፈልገው በቁጥር አልነበረም። «አንቱ የደዋ ጨፋው ነዎት ወይስ የአርጡማው? የማን ልጅ? ያ በቅሎ የነበረው?» ይላል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሲያገኝ ያገኛል። ሳያገኝ ሲቀር «ጠፍቷል፣ አዲስ ያውጡ» ይላል፤ ከፍዬ አዲስ አወጣለሁ። በዚህ ዓይነት እኔ በዚያ መደርደሪያ ላይ ተበታትኜ ኖርኩ። ወባዬ አንድ ካርድ ላይ፣ ጨጓራዬ ሌላው ላይ፣ ግፊቴ ሦስተኛው ላይ። ሐኪሙ የትኛው ካርድ እጁ እንደገባ አይቶ ያንን በሽታ ያክመኛል።

ይህን በናፍቆት ሳነሣ ባለቤቴ «አንቱ ያን ካርድ ክፍል ጧት ማታ ሲረግሙት አልነበረም ወይ? አሁን ምን አስለቀሰዎ?» ትለኛለች። ያ ሌላ ነገር ነው። ሰው የለመደውን የመርገም መብት አለው።

አሁን በመስኮቷ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ልጅ ጨዋ ነው። መካን ሳልረግጥ «ሐጂ» ይለኛል፤ እኔም አላርመውም። ስሜን ጠየቀኝ፤ መሐመድ አልኩት። የአባቴን ጠየቀኝ፤ እሱም ከዚያው አይርቅም። እኛ አገር ነርሷ «መሐመድ» ብላ ስትጣራ የወረፋው እኩሌታ ይነሣል፤ የአባት ስም ስትጨምርበት ግማሹ ይቀመጣል፤ የቀረነው ቆመን እንተያያለን። ይህ የጥንት ችግር ነው፣ በኮምፒውተሩ አላሳብብም። ኮምፒውተሩ ያመጣው ሌላ ነው። ባለፈው የመዘገበችኝ ልጅ በሐመሩ ሐ ጽፋኛለች፤ ይኸኛው በሃሌታው ሀ ይፈልገኛል። ሌላዋ «ሙ» ብላ ጀምራኛለች። በእኛ ዞን ደግሞ ብዙው ልጅ የተማረው በቁቤ ነው፤ በቁቤ ማሃማድ እሆናለሁ። በእንግሊዝኛው ስጻፍ ኤሙ አንድ ይሁን ሁለት በጸሐፊው ፈቃድ ነው። የድሮው ሰውዬ ይህ ሁሉ እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር። ማሽኑ አንዲት ፊደል ስትዛነፍ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላል፤ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ እያሳልኩ። ልጁም በትሕትና «የለም ይላል ሐጂ፣ አዲስ ላውጣልዎት?» ይለኛል።

ይኸው! ይህን ለመስማት ነው ጣውላው የፈረሰው?

ከስም ቀጥሎ የልደት ቀን መጣ። እናቴ የነገረችኝ ማሽላ ሲታጨድ መወለዴን ነው። ዓመቱን ከ66ቱ ድርቅ ወደ ኋላ ቆጥረን ልንደርስበት እንችላለን፤ ያን ጊዜ ጢሜ አቀምቅሞ ነበር። ልጁ ግን ቀኑ ካልተሞላ ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም አለ። «ታዲያ ምን ትሞላለህ?» ብለው «ለማያውቁት ሁሉ መስከረም 1 ነው የምንለው» አለኝ። አላህ ያሳያችሁ! በዚህ አያያዝ የከሚሴ ሽማግሌ በሙሉ የተወለደው በአንድ ጧት ነው። እናቶቻችን ያን ዕለት እንዴት ዋሉ? አዋላጇስ የትኛው ቤት ደርሳ የትኛውን ተወችው?

የእህቴ ልጅ በዚህ ይስቃል። የተማረው የጤና መረጃ ሙያ ነው፤ ከዙሁር በኋላ ጀመዓው ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ እኔ እነጫነጫለሁ፣ እሱ ለማሽኑ ጥብቅና ይቆማል። ወረዳው ሪፖርት የሚልክበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ከኖርዌይ፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ እሱ ግን የእኛን አቆጣጠር ይቀበላል፣ ጳጉሜንም ያውቃል ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ኖርዌይ ድረስ ሄዳ የታወቀች ጳጉሜን እኔ በተወለድኩበት ወር ላይ ምን ትረዳኛለች?

ከዚህ ልጅ እንደተረዳሁት ይህ ኮምፒውተር የመጀመሪያው አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስማርት ኬር የሚሉት መጥቶ ነበር። የተሠራው ለዛምቢያ ነው። በዛምቢያ ታካሚው የበሽታ ታሪኩ የተጫነበት ቺፕ ያለው ካርድ በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ሌላ ከተማ ቢታመም ካርዱን አውጥቶ ይሰጥ ነበር። ይህን ስሰማ ጫቴን አስቀመጥኩ። አያችሁ፣ ዛምቢያ ገብቶታል! ሰው ይሄዳል፣ ስለዚህ ካርዱም አብሮት ይሄዳል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ካርዱ ኪሳችን ሳይገባ፣ ነገሩ በብዙ ቦታ ከምዝገባው መስኮት ሳያልፍ ቀረ።

ቀጥሎ በ2008 ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» አወጀ። አብዮት የሚለውን ቃል ስሰማ እኔ በር በሩን ነው የማየው፤ የ66ቱን አይቻለሁና። ይኸኛው ግን ደም አልጠየቀም፣ ቻርጀር ብቻ ነው የጠየቀው። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው ሁለት ሴት ልጆች አስቀምጦ ነበር፤ ለየቤቱ የቤተሰብ ማኅደር ከፍተው ክትባቱንም፣ እርግዝናውንም፣ ጉድጓዱንም ይጽፉ ነበር። ከ2010 ወዲህ ያንን ማኅደር ወደ ታብሌት ማዛወር ተጀመረ። እኛ ቀበሌ ያለችው ልጅ ጎበዝ ናት፤ የማንን ሚስት ምጥ እንደሚይዛት ከባልየው በፊት ታውቃለች። ታብሌት ከያዘች ወዲህ ግን በመጣች ቁጥር «አባባ፣ መጸዳጃ ቤት አለዎት?» ትለኛለች።

«ልጄ፣ ባለፈው ገብተሽበት የለም እንዴ?»

«እኔ አውቃለሁ፤ ታብሌቱ ነው የሚጠይቀው።»

አንድ ጊዜ ታብሌቱ ራሱ ገብቶ ይይ ብያት ነበር። ተቀየመችኝ መሰለኝ፣ የሚቀጥለውን ጊዜ ዘግይታ ነው የመጣችው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሚኒስቴሩ ባህምኒ የሚባለውን መትከል ያዘ። ሕንዶች የሠሩት ነው፤ ሥሩ ኦፕን ኤምአርኤስ የሚሉት፣ ማንም በነፃ ወስዶ ለራሱ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር ነው። ነፃ መሆኑን ስሰማ ተጠራጥሬ ነበር፤ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ነው ነፃ፤ ኮምፒውተሩ፣ ገመዱ፣ መብራቱና ባለሙያው አይደለም» አለኝ። ይህንን ከልብ ተቀበልኩት። በሬ በነፃ የተሰጠው ሰው ድርቆሽ የሚገዛው በገንዘቡ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ሐኪሙ በወረቀት ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ይችላልና። ቀጥሎ በኮምፒውተሩ ይጽፋል፣ ታዟልና። ነርሷ ያንኑ በትልቁ መዝገብ ትገለብጣለች። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ሌላዋ መዝገቡን ዘርግታ ሰረዝ በሰረዝ እየቆጠረች ለሪፖርት ትደምረዋለች። በሽታዬ አንድ፣ ጽሑፉ አራት። ወረቀት ለማስቀረት የመጣ ነገር ወረቀት ሲጨምር ያየሁት በዚህ ነው። ልጆቹን አልወቅስም፤ ሁለት ጌታ አገልግሉ የተባለ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ማስቀየሙ አይቀርም፤ እነሱ ደግሞ ሁለቱንም ላለማስቀየም እኛን ያስቀይማሉ። ወረፋው ከበሩ አልፎ ዛፉ ሥር የደረሰው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደግ ነው፣ ግን አያየኝም። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብሎ ኮምፒውተሩን ያያል። እኔም መልሴን ለኮምፒውተሩ ሰጠሁ፤ ጎኔን ገልጬ ወደ ስክሪኑ ዞርኩለት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ሳቀና ጎኔን ነካው። በዚህ ተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስገባ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን «አሰላሙ አለይኩም» እላለሁ።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ላንሣ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ወጥቷል፤ የሰው የጤና ጉዳይ በጥብቅ እንዲያዝ ያዛል ይሉኛል፤ ደግ አዋጅ ነው። ግን ስክሪኑ የዞረው ወደ አግዳሚው ወንበር ነው፤ እኔ ስለ ኪንታሮቴ ሳልናገር አግዳሚው በሙሉ አውቆ አላህ ያሽርህ ይለኛል። የድሮው ወረቀት ምስጢሬን የጠበቀው ያለ አዋጅ ነበር፤ የሐኪም ጽሑፍ ነዋ! ከጻፈው በቀር ማን ያነበዋል? አንዳንዴ የጻፈውም አያነበውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሆዴን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ይሁን፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ካለው ይነሣል። በነሐሴ 2015 ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ድረስ ከረመ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ሲሳበብ፣ የእህቴ ልጅ ግን «ይኸኛው ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ሰርቨሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ከክፍል ክፍል በገመድ ነው የሚሄደው» አለኝ። መጀመሪያ ብልሃት መስሎኝ አደነቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ ገባኝ። ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ከግቢ አይወጣም ማለት ነው!

እንዴት እንደማይወጣ ያየሁት ወደ ደሴ ሪፈር የተባልኩ ጊዜ ነው። ሐርቡን አልፈን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ ያን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥተን ደረስን። ከሪፈር ወረቀቷ በቀር ኪሴ ባዶ ነው፤ ታሪኬ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ ምን ልያዝ ብዬ። የመስኮቷ ልጅ «ካርድ አለዎት አባቴ?» አለችኝ።

«አለኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ነው።»

«የትኛው ኮምፒውተር?»

«የከሚሴው።»

«እሱ እዚህ አይታይም።»

«ይህስ ኮምፒውተር አይደለም ወይ?»

«ነው፤ ግን የራሳችን ነው።»

ከዚያ ስሜን ጠየቀችኝ። የልደት ቀኔንም ጠየቀችኝ። መስከረም 1 አልኳት፤ ዕድሜዬን ያለ እናቴ ምስክርነት ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው። ከሚሴ የተቀዳው ደሜ ደሴ ላይ እንደገና ተቀዳ። ሐኪሙ ከዚህ በፊት የወሰድኩትን መድኃኒት ጠየቀኝ፤ «ነጭ፣ ክብ፣ መሐሏ ሰረዝ ያለባት» አልኩት። ስንት ሚሊግራም አለኝ። እኔ ሚሊግራም ምን አውቄ! ተስፋ ያደረገው በሪፈር ወረቀቷ ላይ ነበር፤ እሷም በመንገድ በላቤ ርሳ ማኅተሟ ብቻ ቀርቷል።

እንግዲህ ይህንን ነው «ብሔራዊ» የሚሉኝ። ከሚሴና ደሴ መካከል የሚኒባስ ረዳት እንኳ የሚያደርሰውን መልእክት ማድረስ ያቃተው ነገር በምን ብሔራዊ ይሆናል?

ባቲ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ዳጉን ያውቃል። አፋሮቹ ከበረሃው ሲወጡ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ይቀመጣሉ፤ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ አንዱ ለሌላው ያወርዳል። የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ ዳግመኛ የሚሰማው የለም። ያ ወሬ ገመድ ሳይዘረጋለት፣ መብራት ሳይበራለት የአፋርን ምድር ያዳርሳል። የእህቴ ልጅ ይህን ሳነሣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የመድኃኒት መጋዘን ቆጠራ የሚያዝበት ሶፍትዌር ስሙ ዳጉ ነው አለኝ! ስሙን ወስደዋል፤ እንግዲህ ጠባዩንም ይውሰዱት። እኔ ባቲ ላይ ብታመም አንድ አፋር ግመሉን እየነዳ ግፊቴን ለደሴ ያደርሰው ነበር፣ ያየውን ካየው ለይቶ።

የእህቴ ልጅ መልስ አያጣም። ወደፊት የብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ቁጥር ሁሉንም ያገናኘዋል፤ ሐ ሆነ ሀ፣ ቁቤ ሆነ ግእዝ፣ በቁጥሩ አንድ ሰው መሆንዎ ይታወቃል ይላል። ፋይዳን ሄጄ ተመዝግቤያለሁ። ጣቴን ማሽኑ ላይ አስጫኑኝ፤ አላነበበም። ጠረጉት፣ አላነበበም። ሌላ ጣት፣ አላነበበም። የማሽላ ማሳ ሲኮተኩት የኖረ ጣት ምን አሻራ ይተርፈዋል? በመጨረሻ በስንት መከራ አንዷ ትንሿ ጣቴ አነበበች። እንግዲህ ጤናዬ በሙሉ የተንጠለጠለው በትንሿ ጣቴ ላይ ነው፤ ቢላ ስይዝ እጠነቀቃለሁ።

መድኑም አለ። በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጎረቤታችን ተሁለደሬ አንዷ ነበረች፤ ኋላ ለእኛም ደረሰን፣ አልጠላሁትም። ግን ለእሱም ሌላ ደብተር፣ ሌላ ቁጥር። ደብተሩም ቢሆን ሁልጊዜ አይተርፍም፤ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ሲያልፍ በወሎና በዙሪያው ስንቱ ጤና ተቋም ተዘረፈ፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተርም ወረቀትም እኩል ነበሩ። ስለዚያ አልነጫነጭም፤ በእሱ ላይ መነጫነጭ ያንሰዋል።

አንድ ቀን በጣም ሳማርር ያ ልጅ እንግሊዝን አመጣብኝ። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2002 የአገሪቱን ሕመምተኛ ሁሉ ታሪክ በአንድ ሥርዓት ላገናኝ ብለው ጀምረው፣ ቢሊዮኖች ፓውንድ አፍስሰውበት፣ በ2011 ፕሮግራሙን አፍርሰውታል አለኝ። ይህን የነገረኝ እንድታገሥ ነው። እኔ ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እንግሊዝ ያቃታትን ነገር በእኔ ግፊት ላይ ነው የሚለማመዱት?

ይልቅ የባለቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ከደሴ ባዶ እጄን የተመለስኩ ዕለት ምንም ሳትናገር ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል አወጣች። ውስጡ የሌለ ነገር የለም። የ1990ዎቹ ራጅ አለ፤ የተጣሉ የመድኃኒት ካርቶኖች አሉ፤ የላብራቶሪ ወረቀት፣ «ጠፍቷል» ከተባሉት ካርዶቼ ሁለቱ ሳይቀሩ አሉ፤ እንዴት እጇ እንደገቡ ብጠይቃት «አንቱ ዝም ይበሉ» ነው መልሷ። ለሚቀጥለው የደሴ ቀጠሮ እሷው ፌስታሉን ይዛ መጣች። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ትቶ ፌስታሉን ዘረገፈ፤ አንዷን ካርቶን አንሥቶ ሚሊግራሙን አነበበና «እማማ፣ አላህ ይስጥዎ» አላት። እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ከሚሴ ስንመለስ «ሐጂ» የሚለኝ ልጅ ይህን ሰምቶ ወደ እሷ ዞረ። ወረቀቶቹን አንድ ቀን ቢተዉልኝ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባልዎ ነበር አላት። እሷ ፌስታሉን ወደ ብብቷ ሳብ አደረገች።

«እኔ ጋ ሲጠፋ ሁላችሁም እኔን ትጠይቁኛላችሁ። አንተ ጋ ሲጠፋ እኔ ማንን ልጠይቅ?»

ልጁ አሰበና «አድሚኑን» አላት።

«የት ነው የሚገኘው?»

«አዲስ አበባ።»

«ስልኩን ታውቀዋለህ?»

አላወቀውም። ፌስታሉን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ከዚያ ግን አዘነችለት መሰለኝ፣ መስኮቷ ጋ ቆማ አንድ አንድ ወረቀት እያወጣች ታሳየው ጀመር፤ እጁ ግን አልሰጠችውም። ልጁ አንገቱን አስግጎ እያነበበ ይጽፋል፤ እሷ ያነበበውን ትቀበለዋለች፤ ከኋላችን ያለው ወረፋ «ምንድን ነው የሚያቆየው?» እያለ ይጮሃል። እኔ ዞር ብዬ «ሲስተም የለም» አልኳቸው፤ ሁሉም ዝም አሉ።